ከሌለው ወፍጮ ቤት አለፍ ብሎ

አዲስ አበባ ውስጥ «አላውቅም» የሚል ሰው ካገኛችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ታሟል። ያገሬ ሰው ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት ያዛል፣ ኳስ ሳይነካ አሠልጣኝ ይሽራል፤ አቅጣጫ የጠየቃችሁት እንደሆነ ግን የባሰ ነው፤ ረግጦት የማያውቀውን ሰፈር በሁለት እጁ ይጠቁማችኋል። «ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ ቀጥ ብለሽ ስትሄጂ ትታጠፊያለሽ» ይላል። ቀጥ ብሎ እየሄዱ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ናቸው። «ትንሽ ወረድ በይ» ካለ መንገዱ ሽቅብ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ» የሚባለው ርቀት ደግሞ ከደጃፋችሁ ተነሥቶ ሱሉልታ ድረስ ሊሄድ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ይህን የምታዘበው ዝም ብዬ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በሰው አገር፣ ብርዱ ከነቂሙ በሚኖርበት ከተማ፣ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የካርታ ክፍል ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያ ሥራዬ ካርታ ማጠፍ ነበር። ካርታ መዘርጋት ማንም ይዘረጋል፤ ጥበቡ መልሶ ማጠፉ ላይ ነው፤ በዚህ በዚህስ ካርታና ጠብ አንድ ናቸው። በኋላ ካርታው ሁሉ ተሰብስቦ ኢንተርኔት ውስጥ ሲገባ የሚታጠፍ ነገር ጠፋና አለቆቼ ሌላ ሥራ ሰጡኝ። ካርታ መሥራት ሳይማሩ ካርታ ለሚሠሩ ሰዎች ቀለም፣ መስመርና ፊደል ማስመረጥ። ውሻ የሚያንሸራሽሩበትን መንገድ በካርታ ለማሳየት የሚፈልጉ ጡረተኞች፣ ጫካ ገብተው እንጉዳይ የሚለቅሙ ባልና ሚስት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ይመጡልኝ ነበር። የሁሉም በሽታ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ቀለም በሙሉ ካልተጠቀሙበት የተበደሉ ይመስላቸዋል። «ቀለም እንደ በርበሬ ነው፣ ቆንጠር ይበቃል» እላቸው ነበር። በርበሬ የማያውቅ ሕዝብ ስለሆነ አልገባውም። ጡረታ ስወጣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ጊዜዬን ወስደው ሰዓት ሰጡኝ ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ተመልሼ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለውን የአባቴን ቤት ከፍቼ ገባሁ። ያመጣሁት መጽሐፍና ኩርፊያ ነው። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ካርቶን ሞላ፤ ኩርፊያው ካርቶን ስላልበቃው በእጄ ይዤው ገባሁ። ጎረቤት አላውቅም፤ ለማወቅም አልቸኮልኩም። አንድ ሰው እኔ ዕድሜ ላይ ሲደርስ አዲስ ሰው መተዋወቅ አዲስ ጫማ እንደ መልመድ ነው፤ ተረከዝ ይልጣል።

እኔ ጎረቤት ባላውቅም የበሬ ደወል ግን ሰው ማወቅ ጀመረ። ባለፈው መስከረም ነው። ጠዋት ይጮሃል፣ ቀትር ላይ ይጮሃል። ስወጣ አንዲት ሴት ስልኳን በእጇ ይዛ ቆማለች። «እማማ፣ የሸማኔው የጋሽ ዳልኬ ቤት እዚህ ነው?» ትለኛለች። አይደለም እላለሁ። «ስልኬ ግን እዚህ ነው የሚለው» ትላለች። «እንግዲያው ስልክሽን ጠይቂው» ብዬ እዘጋባታለሁ። በነጋታው ሌላዋ፣ በሠልስቱ ባልና ሚስት፣ ከዚያ የሠርግ ልብስ የምታሠራ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ። በመጨረሻ ታከተኝና በትልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ «እዚህ ሸማኔ የለም። የት እንዳለም አንናገርም።» «አንናገርም» ብዬ ያበዛሁት ለግርማ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወረቀቱ ሠራ። ደወሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። ሰው ሰላሙን ሲያገኝ የማንን ሰላም ነሥቶ እንዳገኘው መቼ ይጠይቃል?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንደገና ተደወለ። በሩን ስከፍት ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ያጠፈች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች። «ወረቀቱን አላነበብሽም?» አልኳት ከሰላምታ በፊት። «አንብቤዋለሁ እትዬ፤ የመጣሁትም ስለሱ ነው» አለችኝ ረጋ ብላ። «ሸማኔው አለ። ከእርስዎ አጥር ጀርባ ነው። አባቴ ነው።»

ምሕረት ትባላለች፤ ጳውሎስ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ቁጭ በይ ሳልላት ቆማ ነገረችኝ። አባቷ ጋሽ ዳልኬ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስፋልቱ ዳር ነበር የሚሸምኑት። መንገዱ ሲሰፋ ቤቱ ተነሣና እሳቸውና ሌሎች ሸማኔዎች ከእኔ አጥር ጀርባ ወዳለችው ጠባብ መንገድ ገቡ። ምሕረት አዲሱን ቦታ ስልኮች በሚያዩት ካርታ ላይ አስገባች። ስልኩ ግን ያቺን ጠባብ መንገድ አያውቃትምና ደንበኛውን ሁሉ እያመጣ እኔ በር ላይ ይጥለዋል። እኔ ደግሞ ተቀብዬ መንገድ ላይ እጥለዋለሁ። «አባቴ ይህን ጥምቀት ያያል። የሚያሠራው ሰው ካጣ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ወደ ጨንቻ ሊመለስ ቆርጧል» አለችኝ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት እስከዚያ ቀን የማውቀው በለባሹ በኩል ነበር። በሸማኔው በኩል ሲያዩት ሌላ ነው፤ ለጥምቀት ያልታዘዘ ቀሚስ የሚበጣጥሰው ሸማኔውን ነው። ደግሞ እኮ እነ ጋሽ ዳልኬ ጴንጤዎች ናቸው፤ ታቦት አያጅቡም። ነገር ግን ከእነሱ የበለጠ ጥምቀትን ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው ጉለሌ ውስጥ የለም። ጃን ሜዳ የሚወርደውን ሕዝብ አልብሰው ይሸኙና እነሱ ቤታቸው ይቀመጣሉ። እግዚአብሔርም ቀልድ ያውቃል።

ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ብዙ ዘመን ውጭ የኖረ ሰው ከአማርኛው መጀመሪያ የሚረሳት ይህችን ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ በእሷ ፈንታ «እስቲ የሠራሽውን አሳዪኝ» አልኳት።

ምሕረት እጅ አልሰጠችም ነበር። ሰፈሩን ብቻ የሚያሳይ፣ ማንም ስልኩ ላይ የሚከፍተው የራሷን ካርታ ጀምራለች። ከፍታ አሳየችኝ። መሬቱ አረንጓዴ፣ መንገዱ ብርቱካን፣ ቤቱ ሁሉ ሮዝ። በየሸማኔው ቤት ላይ ለአንዱ መቀስ፣ ለአንዱ ኮከብ፣ ለአንዱ ልብ፣ ለአባቷ ደግሞ ዘውድ ደፍታላቸዋለች። ስም በስም ላይ ተደርቦ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ እንደሚወርድ ታክሲ ይተፋፈጋል። «ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። የሠርግ ድንኳን አልኳት። ደስ አላትና «አምሯል ማለትዎ ነው?» አለች። «ሙሽራዋ ጠፍታለች ማለቴ ነው» አልኳት።

ያን ዕለት ከስንት ዘመን በኋላ ደሜ ሞቀ። አስቀመጥኳትና የሠላሳ ዓመት ትምህርቴን አወረድኩባት። ካርታውን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ ምን እንዲያይ ነው የምትፈልጊው አልኳት። ሁሉንም አለችኝ። ሁሉን የሚያሳይ ካርታ ምንም አያሳይም አልኳት። መሬቱ ይገርጣ፣ ቤቱ ይደብዝዝ፣ ትልቁ መንገድ ወፈር ትንሹ ቀጠን ይበል። ከሩቅ ሲታይ ጥቂት ስም፣ ሲቀርቡት ብዙ ስም። ጌጣጌጡ ሁሉ ይውጣና የሸማኔዎቹ ቤት ብቻ፣ ዓይን ገና ከሩቅ የሚይዘው አንድ ምልክት ይደረግበት። «ምን ዓይነት ምልክት?» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው ያነበብኩት መጽሐፍ ብዛት ጉድ የሠራኝ። በልጅነቴ በቃኝ የማልላቸው የጀብዱ መጻሕፍት ውስጥ ሀብት የተቀበረበት ቦታ ምን ይደረግበታል? «ቀይ ኤክስ!» አልኩ። «በየሸማኔው ቤት ላይ ደማቅ ቀይ ኤክስ!»

ምሕረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቀይ ኤክስ... እ... ማለቴ እትዬ፣ ሌላ ቢሆንስ?» አለችኝ። ከአንቺ በፊት ስንቱን እንዳስተማርኩ ታውቂያለሽ አልኳት። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች። አያችሁ የእኛ አገር ጨዋነት? ታላቅ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ፊት ሲራመድ ስናይ «ይለፉ» ብለን መንገድ እንለቃለን።

በሦስት ሳምንት ካርታው አለቀ። ምሕረት በቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ናትና ሸማኔዎቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ስለሆነ፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲታይ ተወሰነ። ማስታወቂያው ሳምንት አስቀድሞ እንዲህ ተብሎ ተነበበ፦ «የሸማኔ ወገኖቻችን ካርታ ተሠርቶ ተጠናቋል። በሚመጣው እሁድ እየመጣችሁ ቤታችሁ መኖሩን አረጋግጡ።»

አንባቢዬ፣ አንተ ሳትስቅ አልቀረህም። እኔ ግን ምኑም አልታየኝም። ባገራችን ካርታ ሦስት ነው፤ አንዱ የሚጫወቱበት፣ አንዱ ዓለምን የሚያዩበት፣ አንዱ «ይህ ቤት ያንተ ነው» የሚለው ማኅተም ያለበት ወረቀት። የመጀመሪያው ቤት ያፈርሳል፣ ሦስተኛው ቤት ያቆማል፤ መካከለኛውን የሚያስታውሰው የጂኦግራፊ አስተማሪ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ከመካከለኛው ጋር ስኖር ሌሎቹ ሁለቱ ከነመኖራቸውም ተረስተውኝ ነበር።

እሁድ ስደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሸማኔው ብቻ አይደለም፤ ጥጥ ፈታዩ፣ ልብስ ሻጩ፣ የሻጩ አማች ሁሉ መጥቷል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ከረጢት ታቅፏል፤ ከረጢቱ ውስጥ ያረጀ መታወቂያ፣ ዳሩን አይጥ የቀመሰው የቀበሌ ወረቀት፣ የሟች አባት ፎቶግራፍ። እኔ የዋህ ደግሞ ሕዝቡ እንዲህ ካርታ የሚወድ መሆኑን ሳላውቅ ዕድሜዬን በሰው አገር ማባከኔን አሰብኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ። እትዬ ብርቄ የሚባሉ ጥጥ ፈታይ፣ የሸማኔ ሚስት፣ ከጥግ ተነሥተው መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «አርባ ዓመት የጠበቅነውን እርስዎ በሦስት ሳምንት!» አሉኝ። ኧረ ምንም አይደለም፣ የቀለም ምርጫ ነው አልኳቸው። ወደ ሕዝቡ ዞረው «ትሕትናቸውን አያችሁ?» አሉ።

መብራቱ ጠፋ፤ ግድግዳው ላይ ካርታው በራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምር ነበር። መሬቱ ገርጥቷል፣ መንገዱ ቀጥኗል፣ ከዚያ ፈዛዛ ሜዳ ላይ ቀያዮቹ ኤክሶች ዓይን ይወጋሉ። እያንዳንዱ የሸማኔ ቤት ላይ አንድ ኤክስ። እኔ ጭብጨባ እጠብቃለሁ።

እትዬ ብርቄ «ወይኔ ቤቴ!» አሉ። ከዚያ አዳራሹ በአንድ አፍ ጮኸ። አንዱ ከኋላ «መቼ ነው የምንወጣው?» ይላል፣ አንዷ «ምትክ ይሰጠናል?» ትላለች። እትዬ ብርቄ በዚያው በሳሙኝ ከንፈር «እርስዎ ነዎት ይህን ያስደረጉት?» ብለው አፈጠጡብኝ። እኔም፣ ሞት ይርሳኝ፣ ደረቴን ነፍቼ «አዎ፣ ቀዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ!» አልኩ።

ከጩኸቱ መካከል አንድ አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። ጋሽ ዳልኬ ነበሩ፤ ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። «እትዬ» አሉኝ ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ያህል ዝግ አድርገው፣ «እዚህ አገር ቀይ ኤክስ የሚቀባው ሊፈርስ የተመደበ ግድግዳ ላይ ነው። የእኔንም የድሮውን ቤት እንዲሁ ቀብተውት ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ያን ጊዜ ነው፤ መሬቷ ግን በዚያ ካርታ ላይ ቦታው ሁሉ ተይዞባት ነበር። ምሕረት ማይክራፎን ነጠቀችና ጮኸች፤ ይህ የቤት ካርታ እንዳልሆነ፣ ደንበኛ በስልኩ የሚያየው የመንገድ ካርታ እንደሆነ፣ ኤክሱ ሸማኔ እዚህ አለ ማለት ብቻ እንደሆነ አስረዳች። እትዬ ብርቄ ቆመው ነገሩን አንድ በአንድ አጣሩ። «እንግዲህ ቤታችን አልተሰጠንም?» አሉ። አልተሰጠም አለች ምሕረት። «አልፈረሰምም?» አልፈረሰም። «ታዲያ ምን ተደረገ?» ምንም አልተደረገም። እትዬ ብርቄ ጥቂት አሰቡና «እሰይ! ተመስገን!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። አዳራሹም ተከተለ። ከበሮው ተመታ፣ መዘምራኑ ተነሡ፣ የፕላስቲክ ከረጢቱ ሁሉ ወደ ላይ እየተወዛወዘ ተዘመረ። በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ምንም ስላልተደረገ እልል የተባለበት ያ ብቻ ነው። እኔም ከኋላ ቆሜ ሳጨበጭብ ራሴን ያዝኩት።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ ጮኸ። ጋሽ ዳልኬ ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ የታጠፈ ነጠላ ይዘዋል። በሩ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበቡና «ጽሑፍዎ ያምራል» አሉኝ። ከዚያ የባሰ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። አስገባኋቸው። ነጠላውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ መጻሕፍቴን ገፋ አድርገው ዘረጉት።

«እትዬ፣ ይህ ነጠላ እስከ መካከሉ ጥለት ቢሆን ምን ይባላል?» አሉኝ። ምንጣፍ አልኳቸው። «ጥለት ባይኖረውስ?» ከፈን ልል ነበር፤ ዋጥኩት። ሳቁ። «አዎ፣ እሱኑ ነው። ድርና ማጉ ነጭ የሚሆነው ጥለቱ እንዲታይ ነው። ጥለቱም ዳር ላይ ይቀመጣል እንጂ ሰውዬው ሆድ ላይ አይቀመጥም። ትናንት ግድግዳው ላይ ያየሁት ነጩ ጥሩ ነበር፤ እሱን ከሸማኔ የተማሩት መሰለኝ። ጥለቱን ግን በታተኑት። በየቤቱ አንዳንድ ነጥብ ከምታደርጉ፣ ከአስፋልቱ እስከ እኛ ድረስ አንድ ክር ብትስቡስ? ሰው ክር ተከትሎ ይመጣል።»

ነጠላውን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ አየሁት። ሠላሳ ዓመት ለፈረንጅ በበርበሬ ምሳሌ ላስረዳው የደከምኩበትን ትምህርት እኚህ ሰው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይዞሩ ነበር። ለዚያ ቤተ መጻሕፍት አንድ ነጠላ ብልክለት ኖሮ እኔም ቀደም ብዬ እገባ ነበር።

ቀለም ላይ ግን ተከራከርን። ምሕረትም ከሥራ መልስ መጣችና ሦስት ሆነን። ቀይ እንደማይነካ ታውቋል። ጥቁር ለቅሶ ነው። ሰማያዊ ካደረግነው ሰው የታክሲ መስመር ነው ብሎ ቆሞ ይጠብቃል አለች ምሕረት። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አብረን ካስገባን ክርክሩ እስከ ፋሲካ አያልቅም። ጋሽ ዳልኬ ወርቅማ ይሁን አሉ፤ ለሠርግ ቀሚስ እንደሸመኑት ያለ። በነጭ ላይ ወርቅማ ሸማ ላይ ያበራል፤ ስልክ ላይ ግን ይጠፋል አልኳቸው። አላመኑኝም። እንግዲያው ብዬ ስልኩን ይዤ ግቢ አወጣኋቸው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ስልኩን አዩ፣ አዘነበሉት፣ በእጃቸው ጋረዱት። «የለም» አሉ በመጨረሻ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ የግድግዳ ሰዓቱን ሲሰጡኝ አልተሰማኝም። በወይን ጠጅ ቀለም ተስማማን፤ እሳቸውም ጥለት ላይ ይወዱታል፣ እኔም ፀሐይ አይደፍረውም እላለሁ።

የቀረው ስም ነው። ምሕረት በየመንገዱ ላይ የጻፈችው ከአንድ ሰነድ ላይ ያገኘችውን ቁጥር ነበር። ይህ ቁጥር የት ነው ብዬ ጋሽ ዳልኬን ጠየቅኋቸው፤ የሚኖሩበት መንገድ ነው፣ አላወቁትም። ሰፈራችን አቅጣጫ የሚናገረው «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ» እያለ ነው። ወፍጮ ቤቱ ምሕረት ሳትወለድ ፈርሷል፤ አሁን እዚያ ቦታ ላይ ሞባይል ይጠገናል። ነገር ግን ሰው «ወፍጮ ቤቱ ጋ ሞባይል አስጠገንኩ» ይላል እንጂ ሌላ ስም አልሰጠውም። ስለዚህ ተነሥቼ ፍርድ ሰጠሁ። «ሰው የሚጠራበት ስም ይጻፍ!» አልኩ። «ኦፊሴላዊው ስም ለደብዳቤ ነው። ያለ ይሉኝታ፣ ያለ ርኅራኄ፣ ልክ ሰው እንደሚጠራው! ይልቁንም ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት መታጠፊያ ላይ ያለው ስም ፊደሉ ደመቅ ይበል፣ ካርታውን ከየትኛውም ርቀት ቢያዩት እንዳይጠፋ።» አባትና ልጅ ተያዩ። ምሕረት «እርግጠኛ ነዎት እትዬ?» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንዴ ጠይቃኝ ቸል ብዬ ጉድ መሆኔን ማስታወስ ነበረብኝ። «በሞያዬ ነው የምናገረው!» አልኳት።

ኅዳር ሳያልቅ ካርታው ወጣ። እኔ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ጀርባ ድምፅ የለም፤ ሸማኔ ሥራ ሲያጣ እንዴት ዝም እንደሚል ያን ሰሞን ነው ያወቅሁት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ደወሉ ጮኸ። አንዲት እናት ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ቆማለች። «ይቅርታ እማማ፣ ይሄ የ... የ...» ብላ አፏ ተያዘ። ታናሽቱ እኅቷን በክርኗ ጎሰመቻት። ስልኩን ቀስ ብዬ ከእናትየው እጅ ወስጄ አየሁት።

መሬቱ እንደ ነጠላ ነጭ ነው። ከአስፋልቱ ጀምሮ አንዲት የወይን ጠጅ ክር ጎሚስታው ጋ ደርሳ፣ ከሌለው ወፍጮ ቤት አለፍ ብላ፣ የእኔው በር መታጠፊያ ላይ ትደርሳለች። እዚያ ላይ ደመቅ ባለ፣ ፀሐይ በማይደፍረው፣ ከየትኛውም ርቀት በማይጠፋ ፊደል ተጽፏል፦ «የነጭናጫዋ በር»። በታችም አነስ ብሎ፦ «እዚህ ወደ ግራ»።

«ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበላል» ይባላል። የእኔ ተገልብጦ ነው የመጣው፤ ጎረቤት አውጥቶ ቤት ይቀበል ተባለ። ለመጮኽ አፌን ከፈትኩ። ሴትየዋ ልጆቿን ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከአጥሩ ጀርባ ያ ዝምታ አለ። አይደለም፣ ተሳስታችኋል ብል የሚመለሱት ወደ ታክሲ ነው። ደግሞስ ምኑ ነው የተሳሳተው? ሠላሳ ዓመት ለትክክለኛ ካርታ የቆምኩ ሴት ትክክለኛ ጽሑፍ እንዴት ልካድ? «ነጭናጫዋ እኔ ነኝ» አልኩ። «ወደ ግራ!» እናትየው «እግዜር ይስጥልን፣ ልክ ነው፣ እዚህ ነው!» ብላ ልጆቿን አስከተለች። ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ጀርባ መወርወሪያው መምታት ጀመረ።

እርግጥ ነው ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ ምሕረትን አፋጠጥኳት። ሰፈሩን ዞራ መጠየቋን፣ አንድም ሰው ሌላ ስም እንዳላወጣልኝ፣ እትዬ ብርቄ የባሰ ስም አምጥተው እሷ እንዳለዘበችው ነገረችኝ። «ያለ ይሉኝታ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ጋሽ ዳልኬ ደግሞ ማጉን እያጠነጠኑ «እትዬ፣ ይቀየር ካሉ እንቀይረዋለን። ግን መጀመሪያ ጠባዩ ይቀየርና ስሙ ይከተል» አሉ። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም፤ በሬን ዘግቼ ነው የሳቅሁት።

እሺ፣ ጠባዩ ይቀየር ብዬ ወሰንኩ። በነጋታው ደወል ሲጮህ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጥርሴን አሳይቼ ከፈትኩ። «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ! ግቡ፣ ምን ልርዳችሁ?» አልኩ። ባልና ሚስት ናቸው። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሰውየው ለሚስቱ «አይ፣ እዚህ አይደለም፤ እኚህማ ደግ ሴት ናቸው» አላትና ዞረው ቁልቁል ወረዱ። «ኧረ እኔው ነኝ!» ብዬ ብጣራ፣ በትሕትና እጅ ነሥተውኝ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የመጡትም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዳልኬ ራሳቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «እትዬ፣ በጌታ ይዤዎታለሁ» አሉኝ፣ «እስከ ጥምቀት ድረስ እንኳ ፈገግ አይበሉብን።»

አሁን ይህን ስጽፍ ጥምቀት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጋሽ ዳልኬ አልሄዱም፤ ጨንቻ የሚሄደው ለእናታቸው የሸመኑት ጋቢ ብቻ ነው። ከአጥሩ ጀርባ መወርወሪያው ከጠዋት ጀምሮ ጧ ጧ ይላል፤ አንድ ገጽ በሰላም አላስነበበኝም። ሄጄ ብናገራቸው «ጎሽ እትዬ፣ እንዲሁ ይቀጥሉ» አሉኝ። ደወሉ ይኸው እንደገና ጮኸ። ልሂድና ልቆጣ። ለራሴ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ካርታው እንዳይሳሳት ነው።